የሃዋይ ልጆች እንግሊዝኛም ይማራሉ

ሰላም ለሁላችሁ። «ሃዋይ ውስጥ በሃዋይኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ስለማያስተምሩ ልጆቹ ተመርቀው ሥራ ያጣሉ» የሚል ነገር እዚህ እየተደጋገመ ነው። በቅን ልቦና የተጻፈ ይመስለኛል፤ ግን ትክክል አይደለም።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ፕሮግራም ካይአፑኒ ይባላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትምህርቱ በሃዋይኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን ችሎ ይሰጣል። ስህተቱ የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ «ዘግይቶ ይጀመራል» የሚለው ሲወራ ሲወራ «አይሰጥም» ሆነ።

ደግሞስ አሜሪካ ውስጥ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛ ከየት ያመልጠዋል? ቴሌቪዥኑ፣ ሱቁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። አደጋ ላይ የነበረው ሃዋይኛው ነው። በ1896 የወጣው ሕግ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወላጆችና መምህራን በ1984 ፑናና ሌዎ የተባለውን መዋዕለ ሕፃናት የከፈቱት ለዚህ ነው። ሕጉ ራሱ የተሻሻለው በ1986 ነው።

ማጣራት የፈለገ የሃዋይ ትምህርት መምሪያ ድረ ገጽ ላይ የካይአፑኒን ገጽ ይመልከት። የሰው ወሬ አያስፈልግም፣ የእኔንም ጨምሮ።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ወላጆች በዚሁ ወሬ ተነስተው ልጆቻቸውን ከቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ለማስወጣት እያሰቡ መሆኑን ጽፈዋል። ሌላ ምክንያት ካላችሁ ውሳኔው የእናንተ ነው። የሃዋይ ልጆች ግን ለዚህ ማስረጃ አይሆኑም።