ዩቲዩብ ጆሮ አለው እንዴ?

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር፤ እዚሁ አራት ኪሎ። የክፍያ ጭማሪ ሊነግሩን ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ጭማሪውማ አልቀረም። የባሰው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ተነስቶ ለኮዲንግ ተሰጥቷል፤ አስተማሪውም ተሰናብቷል። አንዲት እናት «ለምን?» ብትል ኃላፊው ፈገግ ብሎ «መማር ለሚፈልግ ልጅ ዩቲዩብ አለ አይደል?» አላት። ግማሹ አዳራሽ ሳቀ። የእኔ ደም ፈላ።

ዩቲዩብ አለ፣ እሺ። እኔም የጊታር ኮርድ ከዚያው ነው የለቃቀምኩት፤ አልክድም። ግን ዩቲዩብ ያሳያል እንጂ ይሰማል እንዴ?

ልጅ ሆኜ ፒያሳ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክራር ያስተማሩን ጋሼ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ መወራት አይወዱም። ብዙ ልጅ፣ ሦስት ክራር። ተራችን ደርሶ ስንገርፍ እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቆማሉ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ «አንተ፣ ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች።» አልወረደችም ብዬ ድርቅ እላለሁ። መጥተው ይቃኙልኛል ስል አይነኳትም። «ስማት» ብቻ ነው የሚሉኝ። እስክሰማት ይጠብቃሉ፤ ደወል ቢደወልም ይጠብቃሉ፣ ጓደኞቼ ኳስ ሜዳ ገብተው እኔ እዚያች ክር ላይ ተደፍቼ ላቤ ጠብ እስኪል ድረስ ይጠብቃሉ። የትዝታን ቅኝት በወጉ ሳይቃኝ የባቲን ቅኝት የሚነካ ልጅ ወዮለት! አንድ ቀን ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ አለመስማት አልቻልኩም።

ይሄን የትኛው ቪዲዮ ነው የሚያደርገው? ልጁ አበላሽቶ ሲገርፍ ቪዲዮው «ጎበዝ፣ ላይክ አድርግ» ብሎ ያልፋል።

ደግሞ ይሄ ክርክር አዲስ ነው ያለው ማነው? የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሲደራጅ ዜማው በብራና ላይ ሰፈረ። ታዲያ «ምልክቱ ተጽፏል፣ መሪጌታው ይሰናበቱ» ያለ ሰው ነበር? ይኸው እስከ ዛሬ የድጓ፣ የዜማው መጽሐፍ፣ ተማሪ መሪጌታው ፊት ቁጭ ብሎ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ ነው የሚማረው። ጽሑፍ አያርምም። ራስ ተፈሪም በ1916 ዓ.ም. ጥሩምባ ነፊዎቹን አርባ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም ሲያስመጡ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም አብሮ መጥቷል። መሣሪያ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ጥሩምባውን በመርከብ ማስጫን ይቀል ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞችም በኬቮርክ የወንድም ልጅ በነርሲስ እጅ ነው ያለፉት። በዚያ በር በሚኒባስ የምታልፉ ሁሉ እስቲ ቀና በሉ።

የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄስ? ዌልስ የሄደው ኢንጂነሪንግ ሊማር ነበር። የሙዚቃ ተሰጥኦውን ያዩለት እዚያ ትምህርት ቤት ነው። የእኛ ኃላፊ ቢያገኘው ኖሮ ኮዲንግ ክፍል አስገብቶ በሩን ይዘጋበት ነበር።

«ሁሉም ሙዚቀኛ አይሆንም» የሚሉም አሉ። እኔስ መቼ ሆንኩ? የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ወር ሲዘጋ አንድ ነገር ሳይገጥም ሲቀር፣ ቁጥሩን ሳላየው በፊት ያቺ ሦስተኛ ክር ትሰማኛለች። ሳቅ ያላችሁ ሳቁ።

በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት እኮ አለ። ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ሰው መመደብ ላይ ሲደርስ ግን ዩቲዩብ አለ!

እሺ፣ ዩቲዩብ ከበቃ ኮዲንጉስ? ዩቲዩብ ላይ እንደ ኮዲንግ ትምህርት የሞላ ምን አለ? ለእሱ ለምን አስተማሪ ተቀጠረ? ይሄንን በስብሰባው ልጠይቅ እጄን ባወጣ ሰዓት አልቋል ተባልኩ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ክራሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሳልቃኘው። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስልኩን ከጎኑ እንዲያደርግለት እለምነዋለሁ። የትኛዋ ክር እንደወረደች ስልኩ ይንገረን።