መኪና ለሌለው ሰው የተሠራ የመኪና ሰፈር

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት አለቀብንና ልገዛ ወጣሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ያገኙ ሰዎች ቤት የሠሩበት ሰፈር ውስጥ ነው። ከግቢያችን በር እስከ ዋናው አስፋልት በስተግራ የብሎኬት አጥር፣ በስተቀኝም የብሎኬት አጥር፣ መሀል ላይ ደግሞ ኮረት የፈሰሰበት ሰፊ መንገድ ነው። ሱቅ የለም፣ ዳቦ ቤት የለም፣ ፀሐይ የሚከልል አንድ ዛፍ የለም። ለሽንኩርት ብዬ ባጃጅ ያዝኩ። የደርሶ መልሱ ሂሳብ ከሽንኩርቱ ዋጋ ብዙም አይተናነስም ነበር።

ማታ የመንገዳችንን ቤቶች ቆጠርኳቸው። ዐሥራ አራት ናቸው፤ መኪና ያላቸው ሁለት። መንገዱ ግን ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን እንዲያሳልፍ ሆኖ ነው የተቀየሰው። ዐሥራ ሁለቱ አባወራ የሁለቱን ኑሮ እንዲኖር የተፈረደበት ይመስላል። በሌላው ዓለም የመኪና ሰፈር የሚሠራው ቢያንስ መኪና ላለው ሰው ነው። እኛ ዕቃውን ሳንገዛ መጋዘኑን ሠራንለት።

ባሕር ዳር እንዲህ ያለች ከተማ አልነበረችም። በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች በነደፉት ማስተር ፕላን ያደገችው አሮጌዋ ከተማ ዛሬም በእግር ትዳረሳለች። ከጊዮርጊስ ተነሥቶ ገበያ ወርዶ፣ መናኸሪያ ደርሶ፣ ሐይቁ ዳር ቡና ጠጥቶ ለመመለስ ተሽከርካሪ የሚያስፈልገው ዕቃ ለከበደው ብቻ ነው። ብሎኮቹ አጫጭር ናቸው፤ ጥግ በታጠፍክ ቁጥር ሌላ መንገድ ይገጥምሃል። ዘንባባውና ጃካራንዳው ጥላ ይሰጣል፤ ጥላው ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ በመጋቢት ፀሐይ ሰው በእግሩ ይሂድ ወይስ ባጃጅ ይጥራ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈቱ የመጣው ሠራተኛና ተማሪ በብስክሌት ነበር የሚመላለሰው። የባሕር ዳር ሴቶች ብስክሌት ሲነዱ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ይህ በአገራችን በየከተማው የሚገኝ ነገር አይደለም። ዩኔስኮ በ2002 እ.ኤ.አ. የሰላም ከተማ ሽልማት ሲሰጣት እኛን ነዋሪዎቿን አልደነቀንም።

ታዲያ ምን ሆነ? ከተማዋ ሰፋች፣ መሬቱም በማኅበር በማኅበር ተሸነሸነ። ሽንሸናው የሚያውቀው ቦታ፣ ቦታ፣ ቦታ ነው፤ ሁሉም ለመኖሪያ። በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ ለመኖሪያ የተሰጠን ቦታ ለሌላ አገልግሎት ለማዋል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕጉ ላይ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ከግቢው ጥግ ሦስት በአራት የሆነች ሱቅ ለመክፈት የሚፈልግ ጡረተኛ ከዚህ ቢሮ ወደዚያ ቢሮ መመላለሱን ሲያስበው ይተወዋል። ስለዚህ ሺህ ሰው የሚኖርበት ሰፈር አንድ ወፍጮ ቤት ሳይኖረው ይከርማል።

ሕግ ያልሞላውን ክፍተት የሞላችው አንዲት ሴት ናት። አስፋልቱና የእኛ ኮረት መንገድ የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ቦዩ ዳር፣ ሸራ ዘርግታ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ በመደብ በመደብ ትደረድራለች። የቲማቲሙ መደብ ሁልጊዜ አራት ከታች፣ አንድ ከላይ ነው። የሰፈሩ እናቶች ቆመው የሚያወሩት እሷ ጋ ነው፤ ልጅ የጠፋበት የሚጠይቀው እሷን ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን በአራት ማዕዘኑ ሰብስባ አጥር ተጠግታ ትቆማለች። ቅዳሜ ዕለትም ቦታው ላይ ያጣኋት ለዚህ ነው። በሰፈራችን ከተሠራው ሁሉ ለእግረኛ የሚጠቅመው እሷ የሠራችው ብቻ ነው፣ እሱም ሕገ ወጥ ነው።

አንዳንድ ጎረቤቶቼ ይህን ስል አይስማሙም። «ሱቅ ከመጣ ግሮሰሪ ይከተላል፣ ግሮሰሪ ከመጣ ጠብ ይከተላል» ይላሉ። ጋሼ እያልኩ የማከብራቸው አንድ አባት ደግሞ፣ «እኔ ከከተማው ጫጫታ ሸሽቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ። አባባላቸው ይገባኛል። መጠጥ ቤትን ከዳቦ ቤት ለይቶ መፍቀድ ግን ለማዘጋጃ ቤት የሚከብድ ሥራ አይደለም። ሱቅ ሌባ ይስባል ለሚሉትም፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እኔ የምፈራው ሰው ያለበትን መንገድ ሳይሆን ዐሥራ አራት ዝግ በር ብቻ ያለበትን ነው።

በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ሌክውድ በምትባል ከተማ፣ ቪላ ኢታሊያ የሚሉት ትልቅ የገበያ ማዕከል ነበር፤ ዙሪያው የመኪና ማቆሚያ ባሕር። አፈረሱትና በ2004 እ.ኤ.አ. በቦታው ቤልማር የተባለ፣ 22 ብሎክ ያለው፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ መንደር ከፈቱ። ማለትም እኛ መርካቶም ጊዮርጊስም አካባቢ ያለንን ነገር በብዙ ገንዘብ መልሰው ገዙት። እኛ ለመማር ማፍረስ አያስፈልገንም፤ አጥራችን እንጂ ቤታችን አልተሳሳተም።

መጀመር ያለበት ከቦዩ ይመስለኛል። የባሕር ዳር መሬት ሜዳ ነው፣ ብዙው ቦታ ዋልካ አፈር፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጫማ ይነጥቃል፣ ቦዩ አፉን ከፍቶ ልጅ ይጠብቃል። ቦይ ላይ ክዳን ሲደረግበት ያው የእግረኛ መንገድ ሆነ፤ ለአንድ ወጪ ሁለት ሥራ። የተረፈውን የመንገዱን ስፋት ለዛፍ መስጠት ይቻላል። ከዚያ የማዕዘን ቦታዎች ላይ ላሉ ቤቶች ያለ ብዙ ምልልስ ሱቅ መክፈትን መፍቀድ፤ ለጉልት ሻጯም ቦታ ምልክት አድርጎ መስጠት።

የኮሪደር ልማቱ ለዋና መንገዶች ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አምጥቷል፣ ይህን መካድ አይገባም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ እግረኛው የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል፣ ዓባይን በአምስት ደቂቃ ይሻገረዋል። ችግሩ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሲታጠፍ ይጀምራል። ኮሪደሩ ለሚያልፍ ሰው ነው፤ ሰፈር ውስጥ ለሚኖረው ገና አልደረሰም።

ከሁሉም የሚቀለው ግን የአጥሩ ጉዳይ ነው። የእኛና የሚቀጥለው ማኅበር ይዞታ የሚገናኙበት ወሰን ላይ የቆርቆሮ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ይታያል፤ ደወሉ ሲደወል ቤቴ ውስጥ እሰማዋለሁ። በመንገድ ለመድረስ ግን ወደ አስፋልቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ገብቶ ሃያ ደቂቃ ነው። ልጆቹ አንዱን ቆርቆሮ ከሥር ገንጥለው መሹለኪያ ሠርተው ነበር፤ ከዚያች ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሣሩ ተላልጦ ቀጭን መንገድ ወጥቷል። የትኛውም መሐንዲስ የእግረኛ መንገድ የት ይውጣ ብሎ ቢጠይቅ እዚያ መሬት ላይ ተጽፎለታል። የማኅበሩ ኮሚቴ ሁለት ጊዜ አስመትቶታል። ሰኞ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ ሚስማር ሲመታ ሰማሁ፤ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን አሻግረው ወርውረው ከሥር ሲሾልኩ አየኋቸው።