ኦብጀክቱን እንዳለ አትላኩት

ደብረ ብርሃን ላይ የወጣት ፕሮግራመሮችን ሥራ ለማየት ስቀመጥ አንድ የኮድ መስመር ሁልጊዜ ያናድደኛል፦ ከዳታቤዝ የመጣውን ኦብጀክት (የአንድ ነገር መረጃዎች በአንድ ላይ የታሰሩበትን ጥቅል) ከነሙሉ ይዘቱ ወደ ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ ወደሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ለውጦ ወደ ማሰሻው የሚልከው መስመር። አጭር ነው፤ ይሠራልም። ለዚህ ነው የማይጠረጠረው።

የምናደደው እኔም ራሴ ስላደረግሁት ነው። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በሠራሁት ገጽ ላይ የአባሉ ስምና ቀሪ ሂሳብ ብቻ ይታይ ነበር። አንድ ቀን ሰርቨሩ የላከውን ጥሬ መልስ ከፍቼ ባይ ስልክ ቁጥሩ፣ የዋሱ ስም፣ የተመሰጠረው የይለፍ ቃል ሳይቀር ተደርድሯል። ገጹ አላሳየውም እንጂ ሰርቨሩ ሰጥቶታል። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው እንኳ ለቆላው የማይሆነውን ካፖርት ቤቱ ትቶ ይሄዳል።

የቀኑ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ጄሰን የሚያውቀው ጽሑፍን፣ ቁጥርን፣ እውነትና ሐሰትን፣ ባዶን፣ ዝርዝርንና ኦብጀክትን ነው፤ ቀን የሚባል ዓይነት የለውም። በማኅበሩ አንድ አባል ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ገንዘብ አስገባ። እኛ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ እኩለ ሌሊት ብለን መዘገብነው። የፕሮግራም ቋንቋችን ጃቫስክሪፕት ቀኑን ወደ ጄሰን ሲለውጥ፣ የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በሦስት ስለሚቀድም፣ ሦስት ሰዓት ቀንሶ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሴፕቴምበር 10 አደረገው። ገጹ የቀኑን ክፍል ብቻ ቆርጦ ወሰደና ጳጉሜን 5 ብሎ አወጣ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ፦ «ልጄ፣ በ6 የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ማሽናችሁ ምን ነክቶት ነው 5 የሚለው?» መልስ አልነበረኝም። በራሳችን አቆጣጠር 2015-13-06 ብለን ብንልከውስ? ማሰሻው 13ኛ ወር አያውቅም፤ ልክ ያልሆነ ቀን ይለዋል።

ስለዚህ ሌላውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ በአንድ ነገር አከብረዋለሁ። መደበኛው የጄሰን መለወጫው ቀን ሲሰጡት ስህተት ብሎ ይቆማል። ብዙዎች ይሄን እንደ ጣጣ ያዩታል፤ ሁሉን ነገር ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ማለፊያ ጨምረው አፉን ያስይዙታል። እኔ ግን እምቢ ባዩን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ገንዘብ ያዥዋ ከመምጣታቸው በፊት ይነግረኛል። የስልክ ቁጥርም እንደ ቁጥር ከተያዘ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል፤ በጽሑፍነት ይሂድ።

አሁን ለእያንዳንዱ ገጽ የሚወጣውን በስም የሚዘረዝር ትንሽ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) እጽፋለሁ። የአባሉ ሦስት መስመር አለው፦ ስም፣ ቀሪ ሂሳብ፣ ሰዓት የሌለው የገቢ ቀን በጽሑፍ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ዳታቤዙ ላይ የመታወቂያ ቁጥር ጨመረ። የሰርቨሩን መልስ ከፈትኩት፤ አሁንም ሦስት ነው።