ልጁ አነበበ ወይስ ሸመደደ?

ባለፈው ሳምንት ልጆቻችንን ልንወስድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመን አንድ አባት ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። የአምስት ዓመት ልጁ የተረት መጽሐፍ እየገለጠ ያነባል። አይደናቀፍም። «ፊደል አስቆጥሬው አላውቅም» አለ አባትየው በኩራት። «ሙሉውን ቃል በዓይኑ እንዲለምደው ነው ያደረግኩት። ሀ ሁ ሂ እያሉ ልጅ ማሰልቸት ያረጀ ነገር ነው።»

አጠገባችን የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ናቸው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሰውየው ግን አልተዋቸውም። «እትዬ፣ ዘመኑ ተቀይሯል። ልጅ ሥዕሉን ይይ፣ ታሪኩን ይገምት። ንባቡ በራሱ ይመጣል።» ይቺን «በራሱ ይመጣል» አራት ጊዜ ደጋገማት። እንዴት እንደሚመጣ ስንጠይቀው «ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም።

መናገርማ በራሱ ይመጣል። ልጅ ሲሰማ ውሎ ያድርና አንድ ቀን አፉን ይፈታል። ጽሑፍ ግን ሰው የሠራው ነገር ነው። የትኛው ምልክት የትኛውን ድምፅ እንደሚይዝ ካልነገሩት ከየት ያመጣዋል?

ልጆቹ ወጡ። እትዬ ከቦርሳቸው ወረቀት አውጥተው «ጊሶባ» ብለው ጻፉ። ትርጉም የለውም፣ እዚያው የፈጠሩት ነው። ለሰውየው ልጅ አሳዩት። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ የአባቱን ፊት አየ፣ ከዚያ «ሥዕሉስ?» ብሎ ጠየቀ። አንጀቴን በላው። የእሳቸው የልጅ ልጅ ግን ጣቷን እያስኬደች «ጊ… ሶ… ባ» አለችና «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ሳቀች።

«ትርጉም የሌለው ቃል ማስነበብ ምን ይረባል?» ብሎ ተቆጣ አባትየው። ይረባል እንጂ! እንግሊዞች ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንንሽ ልጆቻቸውን የሚፈትኑት በ40 ቃላት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ የተፈጠሩ፣ ትርጉም የሌላቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ቃል ልጁ ሸምድዶ ሊመጣ አይችልም። ደግሞስ ለጀማሪ ልጅ አዲስ ቃል ሁሉ መጀመሪያ ሲያየው ጊሶባ አይደለም?

አንዲት እናት ጣልቃ ገባች። «የኔዋ ከሀ እስከ ፐ ትዘምራለች። ግን ነጥዬ ሞ ላይ ስጠቁማት ከመ ጀምራ ቆጥራ ነው የምትደርስበት።» እትዬ «እሱም ያው ሽምደዳ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሏት። ከዚያ የቄስ ትምህርት ቤቱን አነሱ። የኔታ ሀ ሁ ካስቆጠሩ በኋላ ለምን አቡጊዳ ያስገባሉ? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያሉ ተራውን የሚያናጉት ልጁ በዜማ እየተመራ እንዳያልፍ ነው። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠቆመ ይቆጥራል። ወደ ንባቡ የሚሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። አለንጋውን አልናፍቅም። ዘዴውን ግን የሚያጣጥል ሰው ሳይ ይከፋኛል።

ፊደላችን 33 በ7፣ በጠቅላላው 231 ነው ሲባል ያስፈራል። ቡ፣ ሙ፣ ሱ ላይ በጎን የምትወጣዋን ጭረት ያወቀ ልጅ ግን ኩ እና ዙ አይከብዱትም። እንደ ሩ እና ፉ ያሉት አመለኞች ለብቻቸው ይጠናሉ። ይህን ለልጅ ማሳየት ስንት ቀን ይፈጃል?

ሰውየው አንድ እውነት ተናግሯል፣ አልክድም። ትርጉም ያስፈልጋል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉ ይህን አይነግርህም፤ ዓረፍተ ነገሩ ነው የሚነግርህ። ግን መጀመሪያ «አ»ን እና «ለ»ን ሳያውቅ ስለ መጥበቅና መላላት ምን ይወራል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እኛ አገር የፈሰሰው ደግሞ ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ተመላልሰው ነው እንግዲህ! ማን ደነገጠ? ማንም። ክፍል ማለፋቸውን ብቻ ነው የምናየው።

ሁሉ ነገር ለታይታ ሆኗል። ቤቱ ሳያልቅ ቀለሙ፣ ሥራው ሳይጀመር ሪባን ቆረጣው። ልጆቻችንንም በዚሁ ዓይን ማየት ጀመርን። ቪዲዮው ስንት ሰው ወደደው እንላለን እንጂ ምን አወቀ አንልም። መዋዕለ ሕፃናት ለጨረሰ ሕፃን ጋዋን አልብሰን፣ ቆብ ደፍተንለት፣ አበባ አስይዘን ፎቶ እናነሳዋለን። በእጁ ያስያዝነው ወረቀት ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል።