ኦርጅናል ግዙ ያለዎት ማን ነው?

ከጎንደር ፒያሳ የተመለስኩት አሁን ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ለእህቴ ልጅ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ ኦርጅናል የጌም ዲስክ ገዛሁለት፤ ዲስኩ ጌም ማጫወቻው ፕሌይስቴሽን ውስጥ ገብቶ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ የሰጠን ምላሽ ግን 87 ጊጋባይት ካላወረዳችሁ መጫወት አትችሉም የሚል ሆነ። ከሽፋኑ ጀርባ፣ አጉሊ መነጽር በሚጠይቅ ፊደል፣ ኢንተርኔት «ሊያስፈልግ ይችላል» ተብሎ መጻፉን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሊያስፈልግ ይችላል! ያለ እሱ እኮ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አያልፍም።

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ስለሆነ ሂሳቡን ማስላት አይከብደኝም። የሰፈራችን መስመር ደኅና በሆነበት ሰዓት በሴኮንድ 4 ሜጋቢት፣ ማለትም ግማሽ ሜጋባይት፣ ይሰጠኛል ብለን እናስብ፤ መብራት ሳይጠፋ፣ ኔትወርኩ ሳይቆራረጥ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አንዲት ቪዲዮ እንኳ ሳይከፍት 87 ጊጋባይት ለማውረድ 48 ሰዓት ይፈጃል። «መብራት ሳይጠፋ» ያልኩትን የጎንደር ሰው ሲያነበው እንደሚስቅ አውቃለሁ። የዳታ ጥቅሉን ዋጋ በዲስኩ ዋጋ ላይ ስደምረው ደግሞ ልጁን እውነተኛ ብስክሌት ብገዛለት ይሻል ነበር ወደሚል ሐሳብ ደረስኩ።

ስለዚህ ዲስኩን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ወዳጆቼ ታውቁታላችሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ ዲስኩን ተቀብሎ ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ አገላብጦ አየውና፣

«ጋሼ፣ ዲስኩ እኮ ምንም አልሆነም» አለኝ።

(ጋሼ! ጠጉሬ ገና አንድ እንኳ አልሸበተም።)

«ምንም ካልሆነ ለምን አይጫወትም?»

«ዲስኩ ቁልፉ ነዋ። ጌሙ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔት የለዎትም እንዴ?»

ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገራት። ቻርጀር የሚያማርጡት እናት ዘወር አሉ። ስክሪን ፕሮቴክተር እስኪለጠፍለት የሚጠብቀው የባጃጅ ሾፌር ዘወር አለ። ሁለት ተማሪዎች የጆሮ ማዳመጫ መሞከራቸውን አቁመው ወደ እኔ ተመለከቱ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ማለት በዚህ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ከዓይናቸው አነበብኩት።

«ኢንተርኔትማ አለኝ። እኔ የከፈልኩት ግን ለጌሙ ነው፤ ለቁልፍ አይደለም» አልኩ፣ ድምፄን ለማረጋጋት እየታገልኩ።

«ኦርጅናል ግዙ ያለዎት ማን ነው ታዲያ?» አለኝ በእውነተኛ ርኅራኄ። «መሣሪያውን ይዘውት ቢመጡ መቆለፊያውን ሰብሬ፣ ክራክ አድርጌ እጭንልዎታለሁ። ያለ ኢንተርኔት ነው የሚሠራው። ሌሎች ጌሞችም በዚያው ዋጋ እጨምርልዎታለሁ።»

«የለም፤ እኔ ራሴ ፕሮግራመር ነኝ። ሰው የደከመበትን ሥራ አሰርቄ አልጭንም።»

በዚህ ጊዜ አንደኛው ተማሪ፣ ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «ፕሮግራመር ከሆኑማ ራስዎ ክራክ አያደርጉትም?» አለኝ። ባጃጅ ነጂው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከሁሉም የባሰው ግን እኚያ እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኔም ይሄን ስልክ መጀመሪያ እንዲህ ነበር ያስቸገረኝ፤ ቀስ በቀስ ይለመዳል» ያሉኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ኮምፒውተር የማስተካክል ሰው ነኝ! ምን ብዬ ልመልስላቸው? «እሺ እማማ» አልኩ። ገንዘቤን መልስልኝ ስለው ደግሞ ልጁ የተቀደደውን ላስቲክ በሁለት ጣቱ አንስቶ አሳየኝ፤ ላስቲኩ ከተቀደደ አይመለስም።

አሁን ቤት ቁጭ ብዬ ሳስበው እጅግ የሚያበግነኝ ልጁ እውነቱን መናገሩ ነው። የተሰረቀው ጌም ሙሉ ነው፤ የተገዛው ጎዶሎ ነው። የተሰረቀው መብራት ሲመጣ ይነሣል፤ የተገዛው ኔትወርክ እስኪመጣ ይጠብቃል። የተሰረቀው ማንነትህን አይጠይቅም፤ የተገዛው ግን አካውንት ክፈት፣ ኢሜይልህን አረጋግጥ፣ በስልክህ የተላከውን ኮድ አስገባ ይልሃል፤ ኮዱም አይደርስም። በአገራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም በኮፒራይት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ነው፤ ይህን አዋጅ በጎንደር የሚጠቅሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የምጠቅሰውም በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። ለአንድ ፋርማሲ የሠራሁት የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም በፍላሽ ተገልብጦ ከተማችን ዳር እስካለችው አዘዞ ድረስ መሄዱን የሰማሁት፣ አዘዞ ያለው ባለ ፋርማሲ ራሱ ደውሎ «ፕሮግራምህ ሪፖርት አላወጣ አለኝ፤ መጥተህ አስተካክልልኝ» ባለኝ ቀን ነው። እንዲህ የተዘረፈ ሰው ነው እንግዲህ ዛሬ በአደባባይ ኦርጅናል በመግዛቱ የተሳቀበት።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሃፍ ላይፍ 2 የተባለው የኮምፒውተር ጌም ሲወጣ ዲስኩን ከሱቅ የገዛ ሰው እንኳ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ አገልግሎት ላይ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ካላስከፈተው በቀር መጫወት አልቻለም፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ጮኹ፣ ከዚያ ለመዱት። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት አዲሱ የጌም መሣሪያዬ ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ጌም አያጫውትም ብሎ ነበር። የኤክስቦክስ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዶን ማትሪክ ኢንተርኔት የማያገኙ ሰዎችስ ምን ይሁኑ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለእነሱማ ኤክስቦክስ 360 የሚባል ምርት አለን ሲል መለሰ፤ ያ ማለት ከስምንት ዓመት በፊት የወጣውን አሮጌውን መሣሪያ ያዙ ማለት ነው። ቁጣው ስለበረታ ኩባንያው በዚያው ወር ውሳኔውን ሰረዘ። የሱቁ ልጅ «ኢንተርኔት የለዎትም እንዴ?» ሲለኝ የማትሪክን መልስ በአማርኛ የሰማሁ ነው የመሰለኝ፤ ልዩነቱ ልጁ ቢያንስ መፍትሔ ነበረው።

በ2013 በግልጽ ተነግሮ የተባረረው ነገር ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር ተመልሶ ገብቷል። የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ እስከ 100 ጊጋባይት መያዝ ይችላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞደርን ዋርፌር 2 የተባለ የጦርነት ጌም ዲስክ ላይ የተገኘው 70 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነበር፤ የቀረው በሙሉ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኒንቴንዶም እ.ኤ.አ. በ2025 ከስዊች 2 መሣሪያው ጋር ጌም ኪ ካርድ የሚባል ነገር አምጥቷል፤ ካርዱ ውስጥ ጌም የለም፣ ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ለነገሩ ኒንቴንዶ ይህንን በሽፋኑ ፊት ለፊት ይጽፈዋል፤ እኔ እንደገዛሁት በጀርባ በኩል አይደብቀውም። ይኸው ኩባንያ ነው እ.ኤ.አ. በ1985 ሱፐር ማሪዮ የተባለውን ጌም በሙሉ፣ ከነሙዚቃው፣ ከነደመናው፣ በ40 ኪሎባይት ካርትሪጅ ውስጥ ያስገባው። ዛሬ የአንድ ፕሮግራም አርማ ሥዕል ብቻውን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ብናወርደውስ የእኛ ይሆናል? በፍጹም። የፈረንሳዩ የጌም ኩባንያ ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ጌም የሚገናኝባቸውን ሰርቨሮች፣ ማለትም የኩባንያውን ኮምፒውተሮች፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ብቻውን ይጫወት የነበረ ሰው እንኳ ዲስኩን እጁ ላይ ይዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው በአውሮፓ ጌሞቻችንን አትግደሉ የሚል ዘመቻ ተነሥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ የሰበሰበው። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ፣ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች የሚሰጡት ሊነሣ የሚችል የመጠቀም ፈቃድ ከሆነ ይህንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አላት። ነገሩ በሬ ሸጦ፣ ገመዱን ግን በእጁ አስቀርቶ፣ ባረስክ ቁጥር አስፈቅደኝ እንደሚል ነጋዴ ነው፤ እሱም ደስ ያላለው ቀን በሬውን ያርደዋል። ፈረንጆቹ ፊርማ ያሰባስባሉ። እኛ ግን መጀመሪያ ከአገሮች ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለብን።

ስለ ዝርዝሩ ካነሣን አይቀር፣ የእህቴ ልጅ የፕሌይስቴሽን አካውንት ለመክፈት አሜሪካዊ መሆን ግድ ሆኖበታል፤ ኢትዮጵያ የምትባል አገር በዝርዝሩ ላይ የለችም። ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር ተጠምቆ፣ ከአዘዞ ወዲያ ብዙም ሳይርቅ ያደገ ልጅ በመዝገቡ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ነው፤ የማላውቀውን ሰፈር የፖስታ ቁጥር የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ ያለዚያ ቅጹ አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የፕሌይስቴሽን ባለቤት የሆነው ሶኒ፣ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሊያስገድድ ሲል፣ አገልግሎቱ በማይደርስባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከስቲም ሽያጭ ወርዶ ነበር። ቅጹን የነደፈው ባልደረባዬ፣ በየትኛውም ከተማ ሆነህ ይህን ካነበብክ፣ ዓለም ላይ የፖስታ ቁጥር የማይጽፉ ሰዎች በብዛት እንዳሉ የሚነግርህ ሰው እንዴት አጣህ?

የእኔም ሙያ ነውና ቁጣዬ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ እኔ ገንዘብ ከፍዬ እጠቀምበት የነበረ የሥራ ፕሮግራም ፈቃዱን ከሰርቨር ማረጋገጥ ስላልቻለ ተዘጋብኝ። ኮምፒውተሩ አለ፣ ፋይሎቼ እዚያው ዲስኬ ላይ አሉ፣ ክፍያው ተከፍሏል፤ ነገር ግን ባሕር ማዶ ያለ ማሽን «አዎ፣ የሱ ነው» ስላላለ ብቻ የራሴን ሥራ መክፈት አልተፈቀደልኝም። በእነዚያው ወራት የእኔ የፋርማሲ ፕሮግራም አንድም ቀን አልቆመም። ብልሃት የለውም፤ መረጃውን እዚያው ማሽኑ ላይ ኤስኪውላይት በሚባል የመረጃ ማከማቻ ይመዘግባል፣ መስመር ሲገኝ ወደ ሰርቨር ይልካል። ኤስኪውላይት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የተሰጠ፣ በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። አንድ ሰው ጎንደር ላይ መብራት እየቆጠረ የሚያደርገውን ነገር ሕንፃ ሙሉ መሐንዲስ ያለው ኩባንያ ማድረግ አቅቶት ነው ብላችሁ እንዳታምኑ። አልፈለገም፤ ወይም ፕሮግራሙን የሚፈትነው ኢንተርኔት ተቋርጦ በማያውቅበት ቢሮ ብቻ ነው።

ስልኬም እንዲሁ። ለሥራ ብዬ ማታ የገዛሁትን የዳታ ጥቅል፣ እኔ ተኝቼ ሳለ ሳልጠይቀው ራሱን በማዘመን ሲጨርሰው ያድራል። ጠዋት ስነሣ ምን አዲስ ነገር አመጣ ብዬ ብፈልግ የካሜራዋ ምልክት ቅርጽ ተቀይሯል። ለዚህ ነው የከፈልኩት፤ ለክብ ምልክት። ተናድጄ ራሱን ማዘመኑን አጠፋሁት፣ በሚቀጥለው ዝማኔ ራሱን መልሶ አበራው።

እህቴ ልጁን «አጎትህ ያስተካክልልሃል፣ ኮምፒውተር ነው የተማረው» ብላዋለች። ልጁም ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም፣ «እነ እንትና ቤት እኮ አስጭነውት ያለ ምንም ነገር ይጫወታል» አለኝ። አዋጅ ቁጥር 410ን ለስምንት ዓመት ልጅ ላስረዳ ሞከርኩ። ዝም ብሎ አየኝና «እና የኛ መቼ ነው የሚሠራው?» አለ። ማውረዱን አስጀምሬዋለሁ፤ መሣሪያው ቀሪው ጊዜ 61 ሰዓት ነው ይላል። መጀመሪያ 52 ብሎ ነበር።

እንግዲህ ከታች አስተያየት ልትሰጡ ለምትዘጋጁ፦ «ቪፒኤን ሞክር» የሚል ሰው ካለ፣ ቪፒኤን የምገናኝበትን አገር ይደብቃል እንጂ 87 ጊጋባይትን 86 አያደርገውም። «ካፌ ሄደህ በዋይፋይ አውርድ» የምትሉ፣ ፕሌይስቴሽን ከነቴሌቪዥኑ ታቅፌ በባጃጅ ስሄድ ማየት ከፈለጋችሁ በግልጽ ንገሩኝ። «የፈረንጅ ችግር ነው ይሄ፣ ስንት ነገር እያለ» የምትሉም ትኖራላችሁ፤ ገንዘቡ የኔ ነው፣ ብሶቱም የኔ ነው። ያን ተማሪ የሚያውቀው ካለ ደግሞ ንገሩልኝ፤ ማድረጉንማ አደርገዋለሁ፣ አልፈልግም እንጂ።