ሆም ኦፊስንም የሚጠይቅ አለ፣ እናንተ ግን የምትነግሩት ለቲክቶክ ነው

እንግሊዝ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው ሆም ኦፊስን (ስደተኛውንም ፖሊሱንም የሚመለከተውን የእንግሊዝ ሀገር ውስጥ ሚኒስቴር) አይደለም እናንተን ነው፣ ከተቀየማችሁኝም ተቀየሙ። መንግስት ባስቀመጣችሁ የስደተኛ ሆቴል ተቀምጣችሁ ኢንተርቪው የምትጠብቁትም፣ ወረቀት ካገኛችሁ በኋላ "የራሴን ጨርሻለሁ" ያላችሁትም፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ከታችሁ አንድ ቀን እንኳን ድምፅ ሰጥታችሁ የማታውቁትም፣ ዛሬ አንዳችሁም አታመልጡም።

ማታ ማታ ላይቭ ላይ ተጥዳችሁ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለ አሳይለም፣ ስለ ጥገኝነት ማለት ነው፣ ትጨቃጨቃላችሁ። ኖቬምበር 2025 ላይ ሆም ሴክሬታሪዋ፣ የሆም ኦፊስ ሚኒስትሯ ማለት ነው፣ ሻባና ማህሙድ የስደተኛ ከለላ ከእንግዲህ ጊዜያዊ ይሆናል፣ በየ30 ወሩ ይታያል፣ ቋሚ መኖሪያም 20 ዓመት ያስጠብቃል የሚለውን እቅድ ስታቀርብ የነበረውን ጫጫታ አስታውሱት እስኪ፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ደግሞ ጊፍት እየለመነ ህግ ይተነትናል፣ ሰነዱን ከፍቶ ያነበበ ሰው ግን እኔ አላየሁም። እሺ እንግሊዝኛው ይከብዳል እንበል። ግን ይቺን ሚኒስትር ማነው የሚጠይቃት ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳን ይጥፋ? ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነገር ነው መሰለኝ፣ መንግስት ካለ አለ ነው፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው።

እዚህ ግን ጠያቂ አለ። ፓርላማው ውስጥ ሆም አፌርስ ኮሚቲ የሚባል አለ፣ የተለያየ ፓርቲ ሰዎች የተቀላቀሉበት፣ አሳይለሙንም ፖሊሱንም ወንጀል መከላከሉንም፣ ባጠቃላይ ሆም ኦፊስ የሚነካውን ነገር ሁሉ የሚከታተል ነው። ሚኒስትሩን ጠርተው ፊት ለፊት አስቀምጠው ያፋጥጡታል፣ ለዚያውም በቀጥታ ስርጭት። ኤፕሪል 2018 ላይ የዊንድረሽ ጉዳይ ሲፈነዳ፣ እነዚያ ከካሪቢያን በህጋዊ መንገድ መጥተው ስንት ዓመት ከኖሩ በኋላ ወረቀት የላችሁም ተብለው ስራ ያጡት፣ የተባረሩም አሉባቸው፣ የዚያን ጊዜዋ ሆም ሴክሬታሪ አምበር ራድ እዚሁ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ሰው ከሀገር ለማስወጣት የቁጥር ኮታ አላችሁ ወይ ተብላ ተጠየቀች። የለም አለች። ኮታ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ወጣ፣ ከቀረበች በአራተኛው ቀን ከስልጣን ለቀቀች። አንድ ጥያቄ ነው እኮ።

ማንስተንንም አትርሱ። ኬንት ውስጥ ያለው ማቆያ ማለት ነው፣ ከጀልባ የወረደ ሰው ቢበዛ 24 ሰዓት ተቀምጦ እንዲያልፍ የተሰራ ቦታ ነበር። ኦክቶበር 2022 ላይ የድንበርና ኢሚግሬሽን ኢንስፔክተሩ ዴቪድ ኒል ሄዶ አይቶ መጥቶ እዚሁ ኮሚቴ ፊት ቃል እንኳን አጣሁ አለ፣ ቤተሰብ መሬት ላይ ተኝቶ፣ አንድ የአፍጋን ቤተሰብ 32 ቀን እዚያ ተቀምጦ። በማግስቱ የሀገሩ ጋዜጣ ሁሉ ስለ ማንስተን ማውራት ጀመረ። ኢንስፔክተሩ እንዴት አወቀ? ቦታው ላይ ሄዶ ሰው አናገረ፣ ሰዎቹም ነገሩት፣ በቃ። (ሰውየውን በፌብሩዋሪ 2024 መረጃ ለጋዜጣ ሰጥተሃል ብለው አባረሩት፣ ስለዚህ ቁጥጥሩ ጽድቅ ነው እያልኳችሁ አይደለም፣ ተቆጣጣሪውንም የሚያባርር አለ።)

አሁን ገንዘቡን እዩት። የስደተኛ ማረፊያ ኮንትራቱ ከ2019 እስከ 2029 ድረስ 4.5 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ ነበር የተጀመረው፣ አሁን 15.3 ቢሊዮን ይደርሳል ነው የሚባለው፣ ኮሚቴውም ኦክቶበር 2025 ላይ ባወጣው ሪፖርት ሆም ኦፊስን በገንዘብ አባካኝነት ክፉኛ ነው የወቀሰው። ብሩ የሚሄደው ሰርኮ፣ ሚርስና ክሊርስፕሪንግስ ለሚባሉ ሦስት ኩባንያዎች ነው። ምግብ የሚቀርብበት ሆቴል ያላችሁት እናንተ በሳምንት 10 ፓውንድ የማይሞላ እየተቀበላችሁ ውጪ የቆመው ስደተኛ አንፈልግም ባይ ሰልፈኛ ግን ቢሊዮኑን የበላችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ ይጮህባችኋል። የክፍሉን ሻጋታ የምታውቁት እናንተ፣ ያልበሰለውን ሩዝ የምታውቁት እናንተ፣ ስንት ጊዜ ክፍል እንዳዘዋወሯችሁ የምታውቁት እናንተ። ታዲያ ምን አደረጋችሁበት? ቪዲዮ ቀርጻችሁ ሙዚቃ አስገብታችሁ ለቀቃችሁት፣ ያው ቪዲዮ ደግሞ "እዩዋቸው ሲምነሸነሹ" ተብሎ እናንተኑ መስደቢያ ሆነ። ኮሚቴው ምርመራ ሲከፍት ከማንም ሰው በጽሁፍ አስተያየት ይቀበላል፣ ዜግነት አይጠይቅም፣ ስሜ አይውጣ ብላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ። የግል ኬዛችሁን አይፈታላችሁም፣ ስራው እሱ አይደለም፣ ግን ያያችሁትን ሁለት ገጽ አድርጋችሁ ብትልኩ ሚኒስትሩ ሲቀርብ በዚያው ነው የሚያፋጥጡት። እንግሊዝኛ ካቃታችሁ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተማራችኋቸው ልጆች የት ሄዱ?

የኬዝ ነጋዴዎቹን ደግሞ ሳልነካ አላልፍም። ታሪክ ጽፈው የሚሸጡ አሉ መሀላችን፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ሰርግ ላይ ክብር ቦታ ታስቀምጧቸዋላችሁ። እውነተኛ ታሪክ ያለውን ልጅ፣ እውነት የታሰረውን፣ እውነት የተገረፈውን፣ "ያንተ አይበቃም" ብለው የሌላ ሰው ታሪክ ያሸክሙታል፣ ኢንተርቪው ላይ ቀኑ ከቀኑ አልገጥም ይለዋል፣ ሪጀክት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ቢናገርም ማን ይመነው? እንዲህ ዓይነት ምክር ያለ ፈቃድ መስጠት በ1999ኙ ህግ ወንጀል ነው፣ በክፍያም ይሁን በነጻ፣ ጠበቃ ያልሆነ አማካሪ ኢሚግሬሽን አድቫይስ አውቶሪቲ ከሚባለው መስሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፣ ስሙ መኖር አለመኖሩን በስልካችሁ በሁለት ደቂቃ ታያላችሁ። ጥቆማም ይቀበላሉ። ግን ማን ይጠቁም፣ "የኛው ሰው እኮ ነው" ነው መልሱ። የኛው ሰው የኛን ልጅ እየበላ!

ይሄው "የኛው ሰው" የሚባል ነገር ነው ፖሊስ ላይም የሚያሽመደምደን። ጁላይ 2025 ለንደን አጠገብ ባለችው ኤፒንግ ውስጥ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ቤል ሆቴል ያረፈ አንድ የሀገራችን ሰው የ14 ዓመት ልጅና አንዲት ትልቅ ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ ጥፋተኛ ተባለ፣ 12 ወር ተፈረደበት። ኦክቶበር ላይ ደግሞ እስር ቤቱ በስህተት ለቀቀውና ሀገሩ ተተራመሰ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ ተይዞ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መንግስት እንዴት ተለቀቀ ብሎ አጣሪ ሰየመ፣ ፓርላማው ሚኒስትሩን ጠየቀ። እኛስ ምን ስንጠይቅ ነበር? ዘሩን! የየት አካባቢ ነው፣ ስሙ የማን ስም ይመስላል፣ "ከነሱ እንጂ ከኛ አይደለም"። የልጅቷን ነገር ያነሳ ጥቂት ነው። የእንግሊዙ ሰልፈኛ እንደሆነ አማራ ኦሮሞ ትግሬ ብሎ አይለይላችሁም፣ ኦገስት 2024 በጸረ ስደተኛው ረብሻ ጊዜ ሮዘራም ከተማ አጠገብ ስደተኞች ያረፉበትን ሆቴል በእሳት ሊያነዱት ሲሉ ውስጥ ያለውን ማን ነህ ብሎ የጠየቀ የለም። ስለዚያ ረብሻም ይኸው ኮሚቴ አጣርቶ ፖሊስ ለነጭ አንድ ለሌላው ሌላ ህግ ይጠቀማል የሚባለው መሰረት የሌለው ነው ብሎ ጽፏል፣ ስንቶቻችሁ ሰማችሁ?

ቤት ውስጥ ያለውንም እናንሳው ካልን፣ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሲገኝ ሽማግሌ ይላካል፣ "ፖሊስ ከጠራሽ ኬዙ ይበላሻል" ትባላለች። ገበና ይሸፈን ነው። ሽማግሌዎቻችን፣ አክብሬያችሁ ነው፣ ያንን ስትሉ የምትሸፍኑት ገበና የማን እንደሆነ አስቡት። ፖሊስ መጥቶ ካንቋሸሻትም ወይ ካላስተናገዳት ለዚያም አቤት ማለት አለ፣ በመጀመሪያ ለራሱ ለፖሊስ ተቋሙ፣ ካልረካችሁ እንደ ጉዳዩ ወይ የአካባቢውን ፖሊስ የሚቆጣጠረው አካል ጋ፣ ወይ አይኦፒሲ የሚባለው ገለልተኛ አካል ጋ።

ባለ ፓስፖርቶቹ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ቪዛ ይዞ የሚኖር ኬንያዊና ናይጄሪያዊ ሀገሩ የኮመንዌልዝ፣ በአብዛኛው የድሮ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማህበር፣ አባል ስለሆነ ዜጋ ሳይሆን ድምፅ ይሰጣል፣ እኛ ግን ዜግነት እስክናገኝ ድረስ አንችልም፣ ስለዚህ የሌላውም ወገን ድምፅ በእናንተ እጅ ነው ያለው። የአካባቢውን ፖሊስ የሚቆጣጠሩትን፣ የፖሊስ ኮሚሽነር የሚባሉትን ህዝብ መምረጥ የጀመረው በ2012 ነው፣ ያኔ ከመራጩ 15 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው የወጣው፣ አሁን መንግስት በ2028 ሊያጠፋቸው ወስኗል፣ ሰው ካልፈለጋቸው ምን ያደርጋሉ። እንግሊዞቹም ሰንፈዋል ብላችሁ እንዳትጽናኑ፣ እነሱ በር ላይ የሚጠብቃቸው ሰልፈኛ የለባቸውም።

ድምፅ የሌላችሁም ሰበብ አታብዙ። የፓርላማው ፔቲሽን (የፊርማ አቤቱታ) ላይ ለመፈረም እዚህ ሀገር መኖር ይበቃል፣ ዜግነት አይጠይቅም፣ 10 ሺህ ፊርማ ላይ መንግስት መልስ ይሰጣል፣ 100 ሺህ ከደረሰ ለክርክር ይታያል። የአካባቢያችሁ ኤምፒም (የፓርላማ ተወካይ) መረጣችሁትም አልመረጣችሁትም እሱ ወረዳ ውስጥ እስከኖራችሁ ድረስ የናንተም ነው፣ ሰው የሚቀበልበት ቀን አለው፣ ቢሮው ጋ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ስትሄዱ የሆም ኦፊስ ሬፈረንስ ቁጥራችሁንና ያመለከታችሁበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ ካለ ቁጥሩ ሰራተኞቹ ሆም ኦፊስ ደውለው ስለናንተ መጠየቅ ያስቸግራቸዋል፣ ታሪካችሁን ደግሞ በአምስት ደቂቃ ጨርሱት ምክንያቱም ከኋላችሁ ወረፋ አለ።