ምስጋና ለቦቢ ጌታ

እኛ ሰው የምናመሰግነው ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ግን ጎረቤቴን ጋሼን በሕይወት እያሉ ላመሰግናቸው ቆርጫለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታይታ አይወዱም። የውሻቸው ስም ቦቢ ነው። እሱ ታይታ ይወዳል።

ሌላው ሰው ውሻ ሲያሳድግ ስስታም ነው። ያስረዋል፣ በራሱ ግቢ ያስጮኸዋል፣ ከራሱ ቤት ያበላዋል። ጋሼ እንዲህ ያለ ራስ ወዳድነት አልፈጠረባቸውም። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የብረት በሩን ገርበብ ያደርጉና «በል ውጣ!» ይሉታል። ቦቢ ወደ ሕዝብ አገልግሎት ይሰማራል። ንጋት ላይ መጥቶ በሩን ሲቧጭር ይከፈትለታል። ደሞዝ የለው፣ ራት የለው። ራቱን የምንችለው እኛ ጎረቤቶቹ ነን። ሥራው ግን ለጋሼ ነው።

አንድ ጊዜ «ለምን አያስሩትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ገመድ ተወዷል» አሉኝ። ደግሞ የታሰረ ውሻ ክፉ ይሆናል። ቦቢ ክፉ እንዳይሆን ነው እንግዲህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ሲሄድ በአንድ እጁ ምሳ ዕቃ፣ በአንድ እጁ ድንጋይ የሚይዘው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ መድኃኒት የለውም ብዬ ስለ ክትባቱም አንስቼ ነበር። «ፊቱን እየው እስቲ፣ ይሄ የሚያብድ ይመስላል?» አሉኝ። አየሁት። እሱም አየኝ። በዚሁ ተዘጋ።

ወደ ዶሮዎቼ ልምጣ።

በ2015 የሌማት ትሩፋት ሲታወጅ እኔም እንደ አገሬው ጓሮዬን ዞር ብዬ አየሁት። ትንሽ ቆይቼ ቢሆንም ገባሁበት። ሰባት ነበሩ። አምስቱ ቀያይ ሳሶ፣ ሁለቱ የሀበሻ ናቸው፤ ከሀበሻዎቹ አንዷ ገብስማ። ሳሶዎቹ ገና ቄብ ነበሩ። ፉርሽካ እያሸከምኩ፣ ኩስ እየጠረግኩ ወራት ቆጠርኩ። አምስተኛ ወራቸው ላይ የመጀመሪያዋን እንቁላል ሳገኝ ለእናቴ ደወልኩ። ወንድ ልጅ ሲወለድ እንኳ እንዲያ አልጮህኩም።

ጋሼ ይህን ሁሉ በአጥር ላይ ሆነው ያዩ ነበር። «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይሉኝ ነበር። ቦቢም ከእግራቸው ሥር ሆኖ ያይ ነበር። ምራቁን ሲውጥ ግን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቀኑ ረቡዕ ነው። ሁዳዴ ገብቷል። በ55ቱ ቀን አብዛኛው ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ቦቢ የለመዳት ትርፍራፊ ጠፍታበታለች። ጌታው ይጾማሉ። እሱ በዚህ በኩል ጥብቅ አይደለም።

ጠዋት ስወጣ የመጀመሪያው ያየሁት ላባ ነው። ቀጥሎ ከሽቦው ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ፤ አንድ ሰታቴ የሚያስቀምጥ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ዶሮ ሲመሽ ዓይኗ አያይም፣ ቆጥ ላይ እንዳለች ነው የሚመጣባት። አምስቱ እዚያው ተዘርግተዋል። አንዷ እንኳ አልተበላችም። አንገት አንገታቸው ላይ ብቻ ነው የተነከሱት። ይሄ ነው የገረመኝ። ለካ ውሻ ዶሮ የሚገድለው ርቦት ብቻ አይደለም። ክንፍ ሲርገበገብ ልቡ ይነሳል፤ ሁሉም ጸጥ እስኪል አያቆምም። ውሻ የነከሰው እኛ ቤት አይበላምና ለፋሲካ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣቸዋል ብዬ ያሰብኳቸውን ሎሚው ሥር ቀበርኳቸው። ገብስማዋ ኩሽናው ጣሪያ ላይ ተገኘች። አንዷ ሳሶ ደግሞ በርሜል ውስጥ ገብታ፣ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ።

ጋሼ በር ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀበሉኝ።

«ቦቢ? የኔ ቦቢ? እሱ እኮ ዶሮ ይፈራል!»

ቦቢ ከኋላቸው ብቅ አለ። አገጩ ላይ ቀይ ላባ ተለጥፏል። ሦስታችንም ላባዋን አየናት።

«ሸለመጥማጥ ነው» አሉ ጋሼ ሳይደናገጡ። «ቦቢ ሊያስጥላቸው ሄዶ ይሆናል።»

ይህን ነው የማደንቀው። እንዲህ ያለ ጠበቃ ለእኔ ቢኖረኝ የት በደረስኩ! ላባዋን ሳሳያቸው ደግሞ ሌላ በር ከፈቱ። «ቆይ፣ ቦቢ የኔ ነው ያለህ ማነው? የሰፈር ውሻ ነው እኮ።» ባለፈው ወር ሌባ አጥር ዘሎ ሲሸሽ «የኔ ውሻ ነው ያባረረው» ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ቡና ያስጠጡን እሳቸው ናቸው። ሌባ ሲያባርር የጋሼ፣ ዶሮ ሲበላ የሕዝብ። ትርፉ የግል፣ ኪሳራው የጋራ። ይህን ብልሃት ከሳቸው በፊት ያወቁ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ተዉት።

ስወጣ ምክር ሰጡኝ። «አንተም እኮ ዶሮህን ጠበቅ አድርገህ ብትይዝ።»

ያዝኳቸው። በጋሼ ቸርነት ግንበኝነት ተማርኩ። የዶሮ ሽቦ የሚባለው ቀጭኑ ዶሮን ከማስቀረት በቀር ውሻን እንደማይከለክል አወቅሁ። ወፍራም ሽቦ ገዛሁ። ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ አነጠፍኩና ድንጋይ ጫንኩበት። ውሻ የሚቆፍረው ከግድግዳው ሥር ተጠግቶ ነው፤ ሽቦ ሲያጋጥመው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ልመለስ አይልም። ቤቱን በአራት እግር ከመሬት አነሳሁት። በሩ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ። ሁለት ዶሮ በዚህ ሁሉ ብረት ውስጥ ሲታዩ ከባድ ወንጀል የሠሩ ነው የሚመስሉት። ቦቢ በውጭ በኩል እየዞረ ይጎበኛቸዋል። ሁለቱም ከድንጋጤ እንቁላል መጣል አቁመዋል።

ሽማግሌ ተቀምጦልን ነበር። ክሱ ግን የኔ አልሆነም። ቦቢን አንድ ጊዜ በድንጋይ ስቼዋለሁ። መሳቴ አልተቆጠረልኝም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ውሻው ዶሮዬን ሲነካ የተናቀው ማን እንደሆነ የሚናገር ተረት አባቶቻችን ሳይተርቱ አልፈዋል። እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጋሼ ይቅር አሉኝ።

የእህቴ ልጅ ሕግ ትማራለች። ይህን ስትሰማ ንዴቷ ከኔ በለጠ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣች። አንቀጽ 2071፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ደስ አለኝ። «ግን ቆይ» አለች፣ ወደ 2074 ወረደች። የቤት እንስሳ ጉዳት ሲያደርስ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎጂው አሳልፎ ሰጥቶ ከዕዳው ነጻ መውጣት ይችላል። ጥፋቱ የራሱ ካልሆነ ነው ታዲያ። ጋሼ ደግሞ ጥፋት ኖሮባቸው አያውቅም።

«ይቺን አንቀጽ ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት።

እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ቦቢ አጠገባቸው ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ገመድ አለ። አዲስ የናይለን ገመድ፣ ቋጠሮው እንኳ ገና አልላላም።

«ልጅቷ ሕጉን አስረዳችኝ፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አሉኝ። «በል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቦቢ ያንተ ነው። እኔ ከሰው ዕዳ አልወድም።»

የገመዱን ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጥቂት ሄድ አሉና ዞሩ።

«ገመዷን ግን ማታ መልስልኝ።»